ከድረ ገጽ ላይ ሰነድ ማየት፣ ማውረድና ማተም፦ ከሊንኩ እስከ ወረቀቱ

አንድ ወዳጄ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ባለ 14 ገጽ ቅጽ ከድረ ገጽ ላይ አገኘና እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ እንደተከፈተ ሞላው። ስሙን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የሠራባቸውን ዓመታት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ሲጨርስ መሽቶ ስለነበር «ጠዋት አትመዋለሁ» ብሎ ኮምፒውተሩን ዘጋ። በማግስቱ ያንኑ ሊንክ ሲከፍት ቅጹ ባዶ ነው። ደውሎ «የጻፍኩት የት ሄደ?» አለኝ። የትም አልሄደም። መጀመሪያውኑ የትም አልተቀመጠም ነበር።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን ላይ የምናየው ሰነድ በእጃችን የገባ ይመስለናል። ማየት፣ ማውረድና ማተም ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ስለተሳካ ሌላው ተሳክቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነገር ላይ ችክ እላለሁ፦ መጀመሪያ አውርዱ፣ ቀጥሎ የወረደውን ፋይል ከራሳችሁ ፎልደር ክፈቱ፣ ማተም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሊንኩን ከመጫናችሁ በፊት

የማውሱን ቀስት ሳትጫኑ ሊንኩ ላይ አሳርፉት። በብራውዘሩ ታችኛ ጥግ ላይ ሊንኩ የሚወስዳችሁ አድራሻ ብቅ ይላል። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ሊንኩን ነክታችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ቆዩ። ዓይናችሁን የአድራሻው መጨረሻ ላይ አድርጉ። በ«ፒዲኤፍ» ካለቀ የሚጠብቃችሁ ለመታተም የተዘጋጀ ሰነድ ነው። በ«ዶክኤክስ» ካለቀ የዎርድ ሰነድ፣ በ«ኤክስኤልኤስኤክስ» ካለቀ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። «ዚፕ» ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል ስለሆነ ካወረዳችሁት በኋላ መፍታት አለባችሁ። «ኢፐብ» በስልክ ወይም በታብሌት እንዲነበብ የተሠራ መጽሐፍ ነው፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ስለሚተጣጠፍ የጸና ገጽ የለውም፣ ለማተምም አይመችም። አንድ ሰነድ በኢፐብም በፒዲኤፍም ከቀረበላችሁና ሐሳባችሁ ማተም ከሆነ ያለ ማቅማማት ፒዲኤፉን ውሰዱ።

ፒዲኤፍ ለምን እንዲህ እንደሚመረጥ ማወቅ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1993 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ያወጣው ሰነድ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ሆኖ እንዲታይ ብሎ ነው። በ2008 ደግሞ አይኤስኦ 32000 የሚል ቁጥር ይዞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ፋይሉ የገጹን ስፋት፣ የእያንዳንዱን መስመር ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም ፊደሎቹን ራሳቸውን ይዞ ይዞራል። የዎርድ ሰነድ ግን ፊደሉን ከሚከፈትበት ኮምፒውተር ይበደራል። ያ ኮምፒውተር ፎንቱ (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ከሌለው ሌላ ይተካበታል፤ መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ ባለ አምስት ገጹ ደብዳቤ ባለ ስድስት ይሆናል፣ ፊርማው ብቻውን ስድስተኛው ገጽ ላይ ያርፋል።

አድራሻው በ«ኢኤክስኢ» ወይም በ«ኤፒኬ» የሚያልቅ ከሆነ ሰነድ አይደለም፤ ኮምፒውተራችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ሰነድ ፈልጋችሁ ፕሮግራም ከተሰጣችሁ ዝጉትና ውጡ። አጭበርባሪዎች ፋይሉን «ደብዳቤ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» ብለው ይሰይሙታል። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ለእናንተ የሚታያችሁ «ደብዳቤ ነጥብ ፒዲኤፍ» ብቻ ነው። ይህን ለማጋለጥ ዊንዶውስ 11 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ከፍታችሁ ከላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አንድ ጊዜ ካደረጋችሁት ለሁልጊዜ ነው።

ነጻ ፋይል በሚሰጡ ገጾች ላይ «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ ባለ ቀለም አዝራር ከአንድ በላይ ካያችሁ አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። ትክክለኛው ብዙውን ጊዜ ሳያብለጨልጭ፣ ከፋይሉ ስምና መጠን አጠገብ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እዚህም ማውሱን አሳርፎ አድራሻውን ማንበብ ይለየዋል።

ስክሪን ላይ ማየት

ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅና ሳፋሪ ፒዲኤፍን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ለማንበብ ብቻ ከሆነ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም። ኮንትሮልን ይዛችሁ የመደመር ምልክቱን ስትጫኑ ይተልቃል፣ የመቀነሱን ስትጫኑ ያንሳል። ማክ ላይ በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ኮንትሮል ባልኩበት ሁሉ ማክ የያዛችሁ እንዲሁ ተኩት።

ረጅም ሰነድ ውስጥ ሰው የሚጠፋው በገጽ ቁጥር ነው። ማውጫው «ገጽ 45» ይላል፤ ከላይ ባለው ሳጥን 45 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ የሚመጣው ገጽ ግርጌው ላይ 33 የሚል ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ሳጥኑ የሚቆጥረው ከሽፋኑ ጀምሮ ነው፣ የታተመው ቁጥር ግን ሽፋኑን፣ መቅድሙንና ማውጫውን ዘሎ ነው የጀመረው። ልዩነቱ እዚህ 12 ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ገጽ 45 በፋይሉ ቆጠራ 57ኛው ነው። ይህን ልዩነት ወረቀት ጫፍ ላይ ጻፉት፤ ስታትሙ ብራውዘሩ የሚጠይቃችሁም የፋይሉን ቆጠራ ስለሆነ ያኔ ያስፈልጋችኋል።

ቃል ለመፈለግ ኮንትሮልን ይዛችሁ የእንግሊዝኛውን «ኤፍ» ተጫኑ። አማርኛ ሰነድ ላይ ግን ኮምፒውተሩ እንደኛ በድምፅ አያነብም። ለእሱ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ናቸው። «መንግሥት» ብላችሁ ስትፈልጉ ጸሐፊው «መንግስት» ብሎ ጽፎት ከሆነ «አልተገኘም» ይላችኋል። አንድ ቃል አጣሁ ከማለታችሁ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ደግሞ አለ፦ ከቃሉ ውስጥ የማይቀያየሩትን ሁለት ሦስት ፊደላት ብቻ መጻፍ። «መንግ» ብትሉ «የመንግሥት»ንም «በመንግስታት»ንም አንድ ላይ ያመጣላችኋል። ትርፉ ትንሽ ይበዛል፣ የምትፈልጉት ግን አያመልጣችሁም።

ምንም ብትቀያይሩ ካልተገኘ ሰነዱ ስካን የተደረገ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አንድ ቃል በማውስ ቀለም ለመቀባት ሞክሩ። ቃሉ ብቻውን ከተቀባ ጽሑፍ አለው። ገጹ እንደ አንድ ሥዕል ከተያዘ ወይም ጭራሽ አልያዝ ካለ ያያችሁት የወረቀት ፎቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጡ ፊደል እንዳለ አያውቅም። ያኔ ዓይንና ማውጫው ብቻ ናቸው የሚያዋጡት።

ሦስተኛ ምክንያትም አለ፤ እሱ የፊደላችን ታሪክ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ለረጅም ጊዜም ከዚያ በኋላ፣ የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት የኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ በማስቀመጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ ፒዲኤፍ ለዓይን ፍጹም አማርኛ ነው፤ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ይወጣል። ማየትና ማተም ይቻላል፤ መፈለግና ኮፒ ማድረግ አይቻልም። በዎርድ የመጣ ከሆነ ደግሞ ያ ፎንት ካልተጫነ ማየትም አይቻልም። ላኪውን «በፒዲኤፍ አድርገህ ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» ማለት ከሁሉ ይቀላል።

ከፊደል ይልቅ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ ነገሩ ሌላ ነው፦ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው፣ መሣሪያው ላይ ግን የግእዝ ፎንት የለም። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይመጣል። በሌለበት አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉትን በነጻ አውርዶ መጫን ሳጥኖቹን ወደ ፊደል ይመልሳቸዋል።

አንዳንድ ቅጾች ሲከፈቱ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ብቻ ያለበት አንድ ገጽ ይመጣል። አትጠብቁ፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡም ሊቀየር የማይችል ነው። ቅጹ አብዛኞቹ ብራውዘሮች በማያነቡት የቆየ አሠራር የተዘጋጀ ነው። አውርዱትና ኮምፒውተር ላይ በነጻው የአዶቢ አክሮባት ሪደር ክፈቱት።

ማውረድ

ኮምፒውተር ላይ ሁለት መንገድ አለ። ሰነዱ ብራውዘሩ ውስጥ ተከፍቶ ከሆነ ከላይ በስተቀኝ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ተጫኑ፤ ወይም ኮንትሮልን ይዛችሁ «ኤስ»ን። ገና ካልተከፈተ ሊንኩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ሴቭ ሊንክ አዝ» የሚለውን ምረጡ። በሁለተኛው መንገድ የሚቀመጠው ፋይል መጨረሻው «ኤችቲኤምኤል» ከሆነ ሰነዱን አላገኛችሁም፤ ያወረዳችሁት ወደ ሰነዱ የሚያደርሰውን ገጽ ነው። ሊንኩን ክፈቱና እውነተኛውን የማውረጃ ምልክት እዚያ ፈልጉ።

«የት እንደሚቀመጥ» የሚጠይቅ ሳጥን ከመጣ ስሙን እዚያው ቀይሩት። ድረ ገጾች ለፋይሎቻቸው የሚሰጡት ስም የቁጥርና የሰረዝ ክምር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌላው የምትለዩበት ምንም ነገር አይኖርም። እኔ የምጠቀመው እንዲህ ነው፦ ቀኑ፣ ከዚያ የሰጪው ስም፣ ከዚያ ይዘቱ። ዓመቱን ከፊት፣ ወርና ቀኑን ከኋላ ካደረጋችሁ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ሳጥኑ ሳይመጣ ዝም ብሎ ከወረደ «ዳውንሎድስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልና «ጄ» በክሮምና በኤጅ የወረዱትን ዝርዝር ያወጣል (ይህኛው ማክ ላይ በኮማንድ አይተካም)።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ሰነዱን ነክታችሁ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይወርዳል፤ የምታገኙት «ፋይልስ» የተባለው መተግበሪያ ውስጥ «ዳውንሎድስ» ስር ነው። አይፎን ላይ ሳፋሪ ሰነዱን ይከፍተዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ከሳጥን ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ያለበትን የማጋሪያ ምልክት ንኩና «ሴቭ ቱ ፋይልስ» በሉት። ይህን የረሳ ሰው ልክ እንደ ወዳጄ ነው የሚሆነው።

የተሞላ ቅጽ ስታስቀምጡ በተለይ ተጠንቀቁ። ክሮም «ከለውጦቹ ጋር» ነው ወይስ «ያለ ለውጦቹ» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ሳያነቡ ሁለተኛውን መምረጥ ባዶ ቅጽ ማስቀመጥ ነው። የኔ ምክር ግን ከዚያም ይቀድማል፦ ቅጹን ባዶውን አውርዱ፣ የወረደውን ክፈቱ፣ እሱን ሙሉ፣ በየገጹ መጨረሻ ሴቭ አድርጉ። ወዳጄ ሁለተኛውን ጊዜ እንዲህ አደረገ፤ መሐል ላይ መብራት ጠፋበትና ያጣው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር።

ወርዶ እንዳለቀ እንዴት ታውቃላችሁ? መጨረሻው «ሲአርዳውንሎድ» ወይም «ፓርት» የሚል ፋይል ካያችሁ ገና በመንገድ ላይ ያለ ወይም የተቋረጠ ነው፤ የመጀመሪያው የክሮም፣ ሁለተኛው የፋየርፎክስ ነው። ስሙን በመቀየር ፒዲኤፍ አይሆንም። የማውረጃ ዝርዝሩን ከፍታችሁ «ሪዚዩም» በሉት፤ ካልቀጠለ አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱ። ከሁሉ የማምነው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ብራውዘሩን ዝጉ፣ ፋይሉን ከፎልደሩ ክፈቱና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱ። የመጨረሻው ገጽ ሙሉ ሆኖ ከመጣ ሰነዱ የእናንተ ነው።

ሰነዱን ያገኛችሁበትን አድራሻና ያወረዳችሁበትን ቀንም አብራችሁ አስቀምጡ። ድረ ገጾች ይታደሳሉ፣ ፋይሎች ቦታ ይቀይራሉ፣ በአሮጌው ምትክ አዲስ ቅጂ ይገባል። «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ያ አንድ መስመር ያድነዋል።

ፋይል የሌለው ገጽ ሲሆን

ደረሰኝ፣ የፈተና ውጤት፣ የምዝገባ ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ገጽ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል። ገጹን ሳትዘጉና ሳታድሱ ኮንትሮልን ይዛችሁ «ፒ»ን ተጫኑ። ፕሪንተር ምረጡ በሚለው ቦታ ላይ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ምረጡና አስቀምጡ። ፕሪንተር ባይኖራችሁም ይሠራል። ዊንዶውስ 10 ከወጣበት ከ2015 ጀምሮ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚባል ምናባዊ ፕሪንተር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከማንኛውም ፕሮግራም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ገጹን እስከ ታች ድረስ ውረዱ፤ ብዙ ድረ ገጾች ሥዕሎችን የሚጭኑት እስክትደርሱባቸው ጠብቀው ነው። «ተጨማሪ አንብብ» የሚሉ የታጠፉ ክፍሎችን ሁሉ ዘርጉ፤ የታጠፈው አይታተምም። ረጅም ጽሑፍ ከሆነና ማስታወቂያ ከበዛበት ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ ጽሑፉን ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ የንባብ ገጽታ አላቸው፤ በአድራሻው መስመር ላይ ያለውን ምልክት ነክታችሁ ከዚያ አስቀምጡ። «ሄደርስ ኤንድ ፉተርስ» የሚለውን አታጥፉት፤ ቀኑንና አድራሻውን በየገጹ ጠርዝ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዲጂታል ፊርማ የተፈረመን ፒዲኤፍ በዚህ መንገድ ደግማችሁ አታስቀምጡ። መልኩ ያው ይሆናል፣ ፊርማው ግን ይጠፋል፤ የተቀበለው ሰው ሊያረጋግጠው አይችልም። ኦሪጅናሉን እንዳለ አውርዳችሁ እንዳለ ላኩት።

ማተም

ገጹ ውስጥ ሰነዱ በትንሽ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮልና «ፒ»ን ስትጫኑ የሚታተመው በዙሪያው ያለው ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ሰነዱ ግማሽ ገጽ ታይቶ ይቆረጣል። የወረደውን ፋይል ክፈቱ ያልኩት ለዚህም ነው።

ማተሚያው መስኮት ሲመጣ መጀመሪያ ያለፈ ሥራ ላይ የተመረጠ ፕሪንተር እንዳልቀረ እዩ። ቀጥሎ የወረቀቱን መጠን። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት መጠኖች አሉ፦ ኤ4፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር፤ ሌተር ደግሞ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። ሌተር በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ጥፋቱ የሚታየው ወረቀቱ ሲወጣ ነው። ለኤ4 የተዘጋጀ ሰነድ መጠኑ ሌተር በሆነበት ቅንብር ሲታተም ግርጌው ይቆረጣል፣ ግርጌው ላይ ያለው ደግሞ የገጽ ቁጥር፣ ማኅተምና ፊርማ ነው። ትሪው ውስጥ ያለው ወረቀት፣ መስኮቱ ላይ የተመረጠው መጠንና የሰነዱ መጠን ሦስቱም ይስማሙ። ፕሪንተሩ ወረቀት እያለው «ወረቀት አስገባ» እያለ የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ ትሪው ውስጥ ኤ4 ተቀምጦ ሌተር ስለታዘዘ ነው።

መጠኖቹ ካልተስማሙ «ፊት» የሚለው የእንግሊዝኛ ምርጫ («ልክ አድርገህ አስገባ» ማለት ነው) ገጹን አሳንሶ ያስገባዋል። ለደብዳቤ፣ ለመጽሐፍ፣ ለቅጽ ይህ ጥሩ ነው። ተለክቶ ለሚሠራ ነገር ግን፣ ማለትም ለልብስ ስፌት ንድፍ፣ ለፎቶ መጠን መለኪያ፣ ለተለጣፊ ወረቀት፣ «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ መሆን አለበት። ኤ4ን ሌተር ላይ ሲያስገባ ወደ 94 በመቶ ገደማ ያወርደዋል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው መስመር 9.4 ይሆናል። ንድፍ ስታትሙ መጀመሪያ የመለኪያ መስመሩ ያለበትን ገጽ ብቻ አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት።

የተወሰኑ ገጾች ከፈለጋችሁ በ«ፔጅስ» ሳጥን ውስጥ ተከታታዩን በሰረዝ፣ የተነጣጠለውን በኮማ ጻፉ፤ ለምሳሌ 1-5, 8, 11-13። ኮማው የእንግሊዝኛው መሆን አለበት፤ በአማርኛ ኪቦርድ «፣» ከጻፋችሁ ሳጥኑ አይቀበለውም። ቁጥሩም የፋይሉ ቆጠራ ነው፣ ያንን የ12 ልዩነት አስታውሱ።

በሁለቱም ፊት ማተም ወረቀቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ፕሪንተሩ ራሱ የሚገለብጥ ከሆነ «ሎንግ ኤጅ» ወይስ «ሾርት ኤጅ» ይላችኋል። እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ለሚገለጥ ቀጥ ያለ ገጽ ሎንግ ኤጅ ነው። ከተሳሳታችሁ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።

የማይገለብጥ ፕሪንተር ካላችሁ በእጅ ይሠራል፦

1. ከሁሉ በፊት በአንድ ባዶ ወረቀት ላይ በእርሳስ ቀስት ሣሉ፤ ትሪው ውስጥ ቀስቱ ወደ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ እንዲያመለክት አድርጉና አንድ ገጽ አትሙበት። ጽሑፉ በቀስቱ በኩል ወጣ ወይስ በጀርባው? የጽሑፉ ራስ በቀስቱ ጫፍ ነው ወይስ በጭራው? ይህ የፕሪንተራችሁ ጠባይ ነው፤ አይቀየርም፣ ጻፉትና ክዳኑ ላይ ለጥፉት።
2. «ኦድ ፔጅስ ኦንሊ» ብላችሁ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ገጾች አትሙ።
3. የገጾቹ ጠቅላላ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ የመጨረሻውን ወረቀት ከክምሩ አውጡት። ሰነዱ 7 ገጽ ከሆነ 7ኛው ገጽ ጀርባ የለውም፤ ክምሩ ውስጥ ከተዋችሁት ገጽ 6 ጀርባው ላይ ሊታተም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ሁሉ ሊዛነፍ ይችላል።
4. ክምሩን በቀስቱ ፈተና ባወቃችሁት አቅጣጫ መልሳችሁ አስገቡና «ኢቭን ፔጅስ ኦንሊ» ብላችሁ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 እያሉ የሚሄዱትን ገጾች አትሙ። ፕሪንተሩ መጀመሪያ የሚስበው የመጨረሻውን ወረቀት ከሆነ «ሪቨርስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

ይህን በ200 ገጽ አትጀምሩት። መጀመሪያ በአራት ገጽ ሞክሩት።

ቀለም ለመቆጠብ «ብላክ ኤንድ ዋይት» ወይም «ግሬይስኬል» ምረጡ። «ድራፍት» የሚለውም ይቆጥባል፤ ባርኮድ ወይም ኪውአር ኮድ ያለበትን ወረቀት ግን በድራፍት አታትሙ፣ ማንበቢያው እምቢ ሊል ይችላል። በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ ማድረግ ለንባብ ይበቃል፤ አራት ገጽ የግእዝ ፊደል ላይ አይሠራም ባይ ነኝ። የ«ጸ» እና የ«ጾ»፣ የ«ሉ» እና የ«ሊ» ልዩነት አንዲት ቅጥያ ናት፤ በትንሽ መጠን ትጠፋለች።

ፊደሎቹ ስክሪን ላይ ደህና ሆነው ወረቀት ላይ ተዘባርቀው ከወጡ አክሮባት ሪደር ውስጥ «ፕሪንት» ካላችሁ በኋላ «አድቫንስድ» ከዚያም «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ሞክሩ። ፕሪንተሩ ፊደሉን ራሱ ለመሥራት ከመሞከር ይልቅ ገጹን እንደ ሥዕል ይቀበላል። ይዘገያል እንጂ የሚታየውን ያትማል።

ከኢንተርኔት የወረደ የዎርድ ፋይል ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣል፤ ያ የጥበቃ ገጽታ ነው፣ በዚያ ሁኔታ እንዳለ አያትምም። ፋይሉ ከምታምኑት ቦታ የመጣ ከሆነ «ኢኔብል ኤዲቲንግ» በሉት። ካላመናችሁት አትንኩት።

ከስልክ ለማተም ፕሪንተሩና ስልኩ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። አይፎን ላይ ከማጋሪያ ምልክቱ «ፕሪንት» ይገኛል፤ ፕሪንተሩ ኤርፕሪንት የሚባለውን አሠራር ማወቅ አለበት። አንድሮይድ ላይ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ወይም «ሼር» ስር ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ስልኩ በሞባይል ዳታ ላይ ስለሆነ ነው።

«ፕሪንት» ብላችሁ ምንም ካልወጣ ደግማችሁ አትጫኑ። እያንዳንዱ ጭነት አዲስ ትእዛዝ ሆኖ ወረፋ ይይዛል፤ ፕሪንተሩ ሲነቃ ስድስቱንም ያወጣል። ወረፋውን ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ያለው የፕሪንተር ምልክት ነው። ከፊት የተሰነካከለ ሥራ ካለ ሰርዙት፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቁት። አልሰረዝ ካለ ፕሪንተሩን አጥፉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ ፕሪንተሩን መልሳችሁ አብሩ።

ሁሉንም ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ገጽ አትሙ። ሽፋኑን ሳይሆን ሠንጠረዥ ወይም ፊርማ ያለበትን፣ ማለትም ሊበላሽ የሚችለውን። አራቱን ጠርዞች እዩ፣ የግርጌውን መስመር አንብቡ፣ ከዚያ ቀሪውን ልቀቁት።

በሌላ ሰው ኮምፒውተር ስታትሙ

ፍላሽ ላይ ፒዲኤፉን ያዙ እንጂ ዎርዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ፎንታችሁ እዚያ እንዳለ ምንም ዋስትና የለም። ዎርድ ውስጥ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ዓይነቱን ፒዲኤፍ ማድረግ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከኢሜይላችሁ ማውረድ ግድ ከሆነ የኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱ፤ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ሲል እምቢ በሉ። የኢንኮግኒቶ መስኮት ሲዘጋ ታሪኩንና መግቢያችሁን ይረሳል፤ ያወረዳችሁትን ፋይል ግን አያጠፋም። መታወቂያችሁ፣ የባንክ መግለጫችሁ፣ የሕክምና ውጤታችሁ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ለቀጣዩ ሰው ይቀመጣል። አትማችሁ ስትጨርሱ ፎልደሩን ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ሺፍትን ይዛችሁ «ዲሊት»ን ተጫኑ፤ እንዲህ ሲጠፋ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ከኢሜይሉ ውጡ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ፍላሹን «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ። ከዚያ ፕሪንተሩ አጠገብ ሂዱና ወረቀቶቹን እዚያው ቁጠሩ፤ አንድ ከጎደለ ወረፋው ውስጥ ነው ያለው፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ይወጣል።